አባባ ቁረጠው ብለዋል

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 3 ቀን 1987 ዓ.ም.
በዚህ አገር አቆጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 1994

እህቴ ብርሃነሽ፣

ሰላምታዬ ከአንቺ ጀምሮ አባባን፣ ከዚያም የጊዮርጊስን ጎረቤት ሁሉ ያዳርስ። እኔ ደህና ነኝ። «ፊደልህ ለምን ተንጋደደ፣ ምን ደብቀኸናል?» ላልሽው፣ አልታመምኩም። የባለ ሁለት እጀታ ቢላ ስለት ስሞክር የቀኝ አውራ ጣቴን ቆርጬው፣ እስክሪብቶውን በሁለት ጣት ቆንጥጬ ነው የጻፍኩልሽ።

ቢላው የሚስተር ዶይል ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር በምጠግነው ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ እንደነበርኩት እሱም የእጅ ሥራ መምህር ነበር። የቁም ሣጥኑን በር ላስተካክል ገብቼ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ቁመቴን የሚያክል ፍልጥ ቆሞ አየሁ። ሁለቱም ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ተቀብቷል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቀስት ነው። ግን ገና አልተሠራም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ሲደርቅ ኖሯል» አለኝ።

እንጨቱ ኦሴጅ ኦሬንጅ ይባላል። ከዚህ በስተደቡብ ገበሬዎች ለአጥር ይተክሉት የነበረ እሾሃም ዛፍ ነው። ፍሬው አረንጓዴና ጎርባጣ ነው፤ የሚበላው ሰው የለም። ሲፈለጥ ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ቀስት የሚሠሩት ከእሱ ነው። ሚስተር ዶይል ትከሻውን ኦፕሬሽን ተደርጓል፤ በሰኔ ደግሞ ካልጋሪ ወደምትባል ከተማ ልጁ ጋ ይሄዳል። «ወይ አንተ ሥራው፣ ወይ ቆሻሻ ሰብሳቢው ይውሰደው፤ ከመሄዴ በፊት ሲለጠጥ ባየው ግን ደስ ይለኛል» አለኝ።

እጄ እንጨት ከነካ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው። አባባም ከሰላምታ ሌላ ቃል ካልላኩልኝ ልክ ያንኑ ያህል። ዕድሜ ልካቸውን ቀንበርና ሞፈር የጠረቡ ሰው ያውቁታልና እስቲ ጠይቂልኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት የደረቀ እንጨት መለጠጥ ይችላል? ካልመለሱ አትጎትጉቻቸው።

ወንድምሽ ገረመው

*

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምህ? ጣትህ ጠገገልህ? ደብዳቤህ ሲመጣ ጤፍ እያበጠርሁ ነበር፤ ሰፌዱን ጥዬ ነው የሮጥሁ።

ለአባባ አነበብሁላቸው። መልሰውልሃል! ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«ያ እንጨት ውሃ ላይ ሲጣል ይሰጥማል? ከሰጠመ የወይራ ዘመድ ነው፤ አይቸኩልበት። ስለ ቀስት አላውቅም። እንጨት ግን ጀርባው አይነካም። ጀርባው የተቆረጠ እንጨት ከተቆረጠበት ይከፈታል። ቅርፊቱንና ከሥሩ ያለውን ነጩን ያንሳ፤ ከዚያ አንዷን የዕድሜ ቀለበት ይያዝና ከጫፍ እስከ ጫፍ እሷኑ ይከተል። መቀነስ ያለበትን በሆዱ በኩል ይቀንስ።»

ፍቅፋቂውንም በፖስታ ላክላቸው፤ ማሽተት ይፈልጋሉ።

እኔን ጠይቀኸኝ እንደ ሆነ፣ ምንም አልሆንሁም።

እህትህ ብርሃነሽ

*

ቶሮንቶ፣ ጥር 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ብርሃን፣

ደብዳቤሽን ኤሌቬተር ውስጥ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። ተከራዮቹ የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

እንጨቱ ይሰጥማል በያቸው። የመታጠቢያ ገንዳ ሞልቼ ቁራጩን ጣልኩት፤ እንደ ድንጋይ ወረደ። ሚስተር ዶይልም አባባ ያሉትን ቃል በቃል ነው የሚለኝ። ሺፍቴ ሲያልቅ ምድር ቤት እንወርዳለን፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርሃን ይይዝልኛል፣ እኔ አንዷን ቀለበት እከተላለሁ። ከወረቀት የማትወፍር ቦታ አለች፤ እዚያ ስደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። «ማን አስተማረህ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት።

ፍቅፋቂው ከዚህ ወረቀት ጋር አለ።

ቀጥሎ ያለውን አባባ ብቻቸውን ሲሆኑ አንብቢላቸው።

አባባ፣ በመተማ በኩል ስወጣ ያልነገርኩዎ እንዳይጨነቁ ብዬ አልነበረም። እንዳይከለክሉኝ ነው። «ልጅህ የት ገባ?» ተብለው አራት ወር መታሰርዎን ሱዳን ሆኜ ሰማሁ። ያን ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። እፍረት ያዘኝ፤ ከዚያ እፍረቱ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ዘጠኝ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እግርዎ ሥር ወድቄ ማለት የሚገባኝን በወረቀት ስላልኩት ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ገረመው

*

ቢቸና፣ መጋቢት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

በመዘግየቴ አትቀየመኝ፤ ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር። ፍቅፋቂው ደርሷል። ሽታው ደስ ይላል።

አባባ ደክሟቸው ነበር፤ አሁን ዐርፈዋል።

ለእሳቸው የጻፍኸውን እንዳልኸው ብቻቸውን ሆነው አነበብሁላቸው። ይቅር ብለውሃል። በሥራህ በርታ ብለዋል።

ብርሃነሽ

*

ቶሮንቶ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1987 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ለትንሣኤው አብሮ ያድርሰን። ደብዳቤሽ አጭር ናት፤ እኔ ግን ከዚህ የረዘመ ደርሶኝ አያውቅም። በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳፏጭ የሰሙኝ አንዲት ተከራይ «ሎተሪ ደረሰህ?» አሉኝ።

አባባ ማረፋቸው ጥሩ ነው፤ በጾሙ እንዳይደክሙ ተቆጣጠሪያቸው።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ አለኝ። ቀስቱ ቅርጹን ይዟል፤ በገመድ ቀስ እያልን እየለጠጥን፣ የማይታጠፈውን ቦታ ከሆዱ በኩል እየፋቅኩለት ነው። ከታችኛው ክንድ (የቀስቱን ግማሽ እንዲህ ይሉታል) ጫፍ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ግን ጉጥ አለ። በጀርባው በኩል እንደ ኪንታሮት አብጧል፤ እዚያ ላይ እንጨቱ አልለጠጥ ይላል። ሚስተር ዶይል «ተወው፤ አስቀያሚ ይሁን፤ ዙሪያውን ትርፍ እንጨት ትተህለት እለፍ» ይላል። እኔ ደግሞ ጉጡን ደልድዬ ባስተካክለው ሁለቱ ክንዶች እኩል የሚታጠፉ ይመስለኛል። አባባ ምን ይላሉ? እሳቸው ያሉትን አደርጋለሁ። ሽማግሌው ሰኔ 17 ይሄዳል፤ መልሱን አፍጥኚልኝ።

ገረመው

*

ቢቸና፣ ግንቦት 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ያልኸኝን ለማፍጠን ያህል ነው የምጽፍልህ፤ ሰላምታውን በሚቀጥለው።

አባባ ቁረጠው ብለዋል።

ብርሃነሽ

*

ቶሮንቶ፣ ሰኔ 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

ብርሃነሽ፣

ቀስቱ ተሰነጠቀ።

ጉጡን ቆርጬ በሞረድ ደለደልኩት። እጅ ሲያልፍበት ለስላሳ ነበር። ሚስተር ዶይል ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰው። «አባቴ ናቸው ያሉኝ» ስለው፣ «እንግዲህ አባትህ ካሉ…» ብሎ ብርሃኑን አስተካከለልኝ።

ረቡዕ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ልንለጥጠው ወረድን። ገመዱን እየሳብኩ፣ እሱ ከፊት ቆሞ ጉብጠቱን እያየ፣ «ትንሽ ጨምር… ትንሽ…» እያለ ነበር። ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ጮኸ። ከተቆረጠው ጉጥ ጀምሮ አንድ ስንጥር ተነስቶ እንደ ቅርፊት ቆመ። ሽማግሌው በዚያ በታመመ ትከሻው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቀረ፤ ይይዘው ይመስል።

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀድሞኝ፣ «እኔም በሕይወቴ ስድስት ሰብሬአለሁ» አለ። ግን ወንበሩን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። ትናንት ልጁ መጥታ ወሰደችው። ሻንጣውን እኔ ነኝ ያወረድኩት። መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «ስብርባሪውን እንዳትጥለው» ብሎኝ ሄደ።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለአባባ አትንገሪያቸው። በእኔ ቃል ተሰበረ ብለው እንዳያዝኑ። በደንብ ያልቆረጥኩት እኔ ነኝ። አልቋል፣ ተሳክቷል በያቸው።

ገረመው

*

ቢቸና፣ ሐምሌ 22 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ በራስህ አድራሻ ያልላክሁት ብቻህን እንዳታነበው ብዬ ነው። ቀድሞ አድራሻቸውን የላክህልኝ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው አቶ ራጉኤል፣ ሌሎች ወንድሞችን ይዘው መጥተው ካረዱህ በኋላ ይሰጡሃል።

አባባ የሉም። የካቲት 6 ቀን ነው ያረፉ። ሦስት ቀን ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው፤ አልተሠቃዩም። ጊዮርጊስ ከእናታችን አጠገብ ነው የተቀበሩ። «ዐርፈዋል» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ከዚያ በላይ እጄ አልጻፈልኝም።

የይቅርታ ደብዳቤህ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። ፖስታውን ስከፍት ፍቅፋቂው ለቀስተኛው መካከል ረገፈ። ቢጫ ነው፤ ሁሉም «ምንድን ነው?» አለ። እኔ ለቅሜ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት።

አላነበብሁላቸውም፤ የማነብላቸው ሰው አልነበረም። ይቅር ብለውሃል ያልሁህ እኔ ነኝ። በርታ ያልሁህም እኔ ነኝ። መርዶውን እስከ ትንሣኤ ላቆየው አልሁ፤ ከዚያ ስታፏጭ ሰሙኝ ያልኸው ደብዳቤ መጣ፤ ልቤ እንቢ አለኝ።

ቁረጠው ያልሁህም እኔ ነኝ። ቀስት አይቼ አላውቅም። በራሴ ስም ብትጠይቀኝ ኖሮ አላውቅም እልህ ነበር። በአባባ ስም ሲሆን ግን አላውቅም ማለት አቃተኝ። እሳቸው ራሳቸው አላውቅም ይሉ እንደ ነበር እንኳ ረሳሁት። ሽማግሌው የለፉበትን አሥራ አንድ ዓመት ሰበርሁባቸው።

«ለአባባ አትንገሪያቸው» ያልኸውን ሳነብ ወረቀቱን ማጠፍ ተሳነኝ።

የፈለግኸውን ብትለኝ እቀበላለሁ። ዝም ብቻ አትበለኝ።

ብርሃነሽ

*

ቶሮንቶ፣ መስከረም 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ብርሃነሽ፣

ዝም ብዬሽ ነበር። አንድ ወር ያህል አንዱን ደብዳቤ እጀምራለሁ፣ እቀድዳለሁ።

የመርዶው ዕለት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ቧንቧ የፈነዳበት ተከራይ መስሎኝ መፍቻዬን ይዤ ከፈትኩ። ራጉኤልን ከአምስት ሰዎች ጋር ጥቁር ለብሰው ሳያቸው መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ከሴንት ጄምስ ታውን ድረስ ከሥራ በፊት ነው የመጡት። ሦስት ቀን አልተለዩኝም፤ ቤቴ ወንበር ስለሌለ ከምድር ቤት የሠራተኛ ወንበር አወጡ። የሚስተር ዶይልም ወንበር ከዚያ መካከል ነበረ።

መርዶውን በማቆየትሽ አልቀየምሽም፤ የአገሩ ወግ ነው። ጉጡንም ተይው፤ አባባ በታኅሣሡ መልሳቸው ጀርባው አይነካም ብለውኝ ነበር፤ ያንን ረስቼ በግንቦት ቁረጠው ሲባል ለምን እንዳልጠረጠርኩ ራሴን ነው የምጠይቀው። የፈለግኩትን ስለሰማሁ ነው።

ይቅር ብለውሃል ያልሽው ግን፣ ብርሃን፣ አምስት ወር ሙሉ በእሱ ስተኛ በእሱ ስነቃ ነበር። አሁን ከሥሬ ሳብሽው። ተቆጥቻለሁ። መቆጣቴን ካልጻፍኩ ከአሁን በኋላ የምጽፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ በእውነት በሕይወት ቢደርስላቸው ይቅር ይሉኝ ነበር? ሁለተኛው ስለ እንጨቱ ነው። አልጣልኩትም። የተሰነጠቀው ከጉጡ እስከ ጫፍ ነው፤ ሌላው ደህና ነው። አባባ ምን ይሉ ነበር አትበዪኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊዋለሽ?

ገረመው

*

ቢቸና፣ ኅዳር 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ቁጣህን ተቀብያለሁ። ስለ ጻፍኸው እግዚአብሔር ይስጥህ።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አላውቅም ነው። የማውቀውን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳነብላቸው፣ «ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እንጨት ይጠይቀኛል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ይህን ደብቄህ ነበር። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብላቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ያ እንጨት ውሃ ላይ ሲጣል ይሰጥማል?» አሉ። ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን አንተ መዝነው። እኔ ከአሁን ወዲያ በእሳቸው አፍ አልናገርም።

ሌላም የደበቅንህ አለ። ከእስር ሲወጡ ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም ነበር። መሮ አንስተው አያውቁም። «ለልጁ እንዳትጽፊ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ቀንበር ሁሉ፣ ሞፈሩም፣ በርጩማውም፣ እሳቸው ከመደብ ላይ ሆነው እየነገሩኝ እኔ የጠረብሁት ነው። ሰው እንዳያውቅ ጓሮ ነበር የምንሠራ። ገበያ የሚያወጣልን ጎረቤታችን ተክሉ ነው፤ ገበሬው የተክሉ እጅ ይመስለዋል። አሁንም ብቻዬን እሠራለሁ። «እኔን ጠይቀኸኝ እንደ ሆነ» ብዬ የጻፍሁልህን አታስታውሰውም ይሆናል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም። እኔም ተቆጥቻለሁ፤ አንተ ቁጣህን ስለ ጻፍኸው እኔም ጻፍሁት።

አሁን ሁለተኛው። ቀስት አላውቅም፤ ቀንበር ግን አውቃለሁ። ቀንበር አንዱ ጫፍ ሲሰነጠቅ አንጥለውም። የተሰነጠቀውን እንቆርጣለን። ያን ብቻ ቆርጠህ ከተውኸው ግን ያዘነብልና የአንዱን በሬ አንገት ይፈጀዋል፤ ስለዚህ ከደህናውም ጫፍ ያንኑ ያህል ትቆርጣለህ፤ መካከሉንም እንደገና ትለካለህ። ትልቅ በሬ አይችለውም፤ ለወይፈን ግን ይሆናል። የአንተም ቀስት ያጥራል እንጂ የሚሞት አይመስለኝም። ከደህናው መቁረጥ ያሳዝናል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አልቅሻለሁ። ከቆረጥህ በኋላ ደንድኖ ያስቸግርሃል፤ ከሆዱ ቀስ እያልህ ፋቅለት።

ይህ የእኔ ቃል ነው። ከተሳሳትሁ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።

ብርሃነሽ

*

ቶሮንቶ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ፣

ከደህናው ጫፍም ያንኑ ያህል ቆረጥኩ። እንዳልሽው ደነደነ፤ ክረምቱን ሙሉ ስፍቀው ከረምኩ። ሁለት ጊዜ ልተወው ብዬ ነበር፤ እንዳልተወው ደብዳቤሽን ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አሁን ቢጫው ወደ ቡናማ እየሄደ ነው፤ ደረቴ ድረስ ይመጣል።

ከሕንጻችን በታች ሸለቆው ውስጥ፣ ሰው እየመጣ ፍላጻ የሚወረውርበት ሜዳ አለ። ቅዳሜ ዕለት ራጉኤልን ይዤው ወረድኩ። ከቅዳሴ በቀጥታ መጥቶ ሙሉ ልብስ እንደለበሰ ነበር። የመጀመሪያው ፍላጻ ዒላማውን አልፎ ሣር ውስጥ ገባ፤ ራጉኤል በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲፈልገው አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛው ተሰካ። ከዳር ነው፤ ግን ተሰክቷል።

ማታውኑ ካልጋሪ ኮል አደረግኩ። ሚስተር ዶይል ጆሮው ደክሟል። «ሥራው አለቀ!» ብዬ ብጮህም አልሰማኝም። ስልኩን ከቀስቱ አውታር አጠገብ አስጠግቼ በጣቴ ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። «አሳጠርከው ማለት ነው፤ ድምፁ ቀጥኗል» አለ። ከዚያ፣ «ማን መከረህ?» አለኝ።

«እህቴ» አልኩት። «አናጢ ናት?» አለ። «ናት» አልኩት።

ስለ አባባ ያልሽኝን መዘንኩት። አሁንም እየመዘንኩት ነው። አንዳንድ ቀን ይበቃኛል፤ አንዳንድ ቀን አይበቃኝም። ዘጠኝ ዓመት ላልጠየቅኩሽ ግን አንቺን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንቺ በሕይወት አለሽ፤ መልስሽን ራስሽ ትጽፊያለሽ።

አሁን ምን እየሠራሽ ነው? በምን እንጨት? መሮሽ ምን ያህል ተበልቷል?

ገረመው

*

ቢቸና፣ ሰኔ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ ገረመው፣

ይቅር ብዬሃለሁ። በራሴ አፍ ነው።

ዋንዛ እየጠረብሁ ነው። መሮው አንድ ጣት ቀርቶታል። ስለ እሱ በሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ፖስታ ቤት የሆነውን ልንገርህ።

የገበያ ቀን ነበርና ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሰው ሞልቷል። እንደምታውቀው ወይዘሮ ዓለምሸት ስሙን ጮክ ብለው እየጠሩ ነው ደብዳቤ የሚያድሉ። የአንተን ፖስታ አነሱ፤ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ጮኹ።

«ለአናጢ ብርሃነሽ ዘመድኩን!»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው እንደገና፣ «አናጢ ነው የሚል! አናጢ ብርሃነሽ የምትባል አለች?» አሉ። ተክሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ዞሬ ወደ ቤቴ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ። ለመውጣት ስዞር አንድ የደጋ ገበሬ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ፣ መንገዴ ላይ ቆመ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ቀንበር ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«በሬዎችህ ምን ያክላሉ?» አልሁት።

ብርሃነሽ